ከስንጥቁ ሥር ያለው አልጋ

መጋቢት 11

ይድረስ ለተከበሩት ለጋሼ፤

እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ጆሮዎ፣ ከልጅዎ ሚስት ጋር በቴሌቪዥኑ ድምፅ የተነሳ የገጠሙት ጦርነትስ እንዴት ነው? እኛ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና አለን። እናቴ አልፎ አልፎ ጎኗን ይወጋታል እንጂ ምላሷ እንደተሳለ ነው። "ለአክስቴ ልጅ ሰላም በይልኝ፤ ከሄደ ወዲህ የምጨቃጨቀው ሰው አጥቼ ምግብ አልረጋልኝ አለ በይው" ብላለች። እንዳለችው ጻፍኩ።

በስልክ ስደውልልዎ ግማሹ ሰዓት "ማን? ማን ልበል?" በሚለው ስለሚያልቅ ወደ ደብዳቤ ተመልሻለሁ። ጉዳዩ ደስ አይልዎትም፤ አስቀድሜ ይቅርታ። እርስዎ ጡረታ እስኪወጡ የሰው ቁስል ሲያጥቡና ሲያሽጉ የኖሩበትን የነጻ ሆስፒታል፣ የሚያስተዳድረው ቦርድ "ይፍረስ ወይስ ይቁም?" ብሎ እንዲጠናለት ለመሥሪያ ቤታችን ሰጠ። መሥሪያ ቤቱ ደግሞ ለእኔ ሰጠኝ። አዎ፣ ለሚጢጢ። ብቻዬን የምፈርምበት የመጀመሪያው ሥራዬ ነው። "ይቆማል" ካልኩ ይቆማል፤ "አይቆምም" ካልኩ በሽተኞቹ ይወጡና ዶዘር ይገባል።

አለቃዬ ከቢሮ ስወጣ ምን እንዳለኝ ልንገርዎ? "ሄደሽ ስንጥቁን ፎቶ አንሺና ነይ። ያለቀለት ነው፤ ብዙ አትልፊ።"

እውነቱን ለመናገር ሳየው እኔም እንደሱ ነው ያሰብኩት። የሴቶቹ ክፍልና የወንዶቹ ክፍል በሚገናኙበት ቦታ ከጣራ እስከ ወለል የወረደ ስንጥቅ አለ። አብዛኛው በሲሚንቶ ተደፍኗል፤ ሲሚንቶው ራሱ ደግሞ ተሰነጣጥቋል። አንዳንድ ቦታ ላይ እጄን እስከ አንጓዬ ያስገባል። ከሥሩ አልጋ አለ፤ አልጋው ላይ ሰው አለ። አንዲት ሴትዮ ተኝታ ስንጥቁን ሽቅብ እያየች "ልጄ፣ ሊወድቅብን ነው እንዴ?" አለችኝ። "ኧረ በፍጹም" አልኳት። ምኑን አውቄ!

እናቴ የተወለደችበት፣ እርስዎ የሸበቱበት ቤት መሆኑን አልረሳሁም፤ ግን ፍቅር ግድግዳ አያቆምም። ስለዚህ የምጠይቅዎ አንድ ነገር ነው፤ ይህ ስንጥቅ መቼ ጀመረ? የሚያስታውሱትን ሁሉ ይጻፉልኝ። ዘመድ ውጭ አገር ላለ ዘመዱ ሲጽፍ ገንዘብ ላክ ይላል፤ እኔ ወሬ ይላኩልኝ ነው የምለው።

አክባሪዎ፣ የእህትዎ ልጅ


ሚያዝያ 2

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣ ለመሐንዲሷ ለሚጢጢ፤

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እደጊ፣ ተመንደጊ፣ ክፉ አይንካሽ፣ እጅሽ የነካው ሁሉ ይባረክ። ይህን ሁሉ ምርቃት ያወረድኩት ቀጥዬ ስለምቆጣሽ ነው።

ደብዳቤሽን ምሳ ላይ አነበብኩት፤ ምሳው እንደቀረበ ተነሳ። "ያለቀለት ነው" አለሽ አለቃሽ? ለመሆኑ እሱ የት ተወልዶ ነው? እናቱን ጠይቂልኝ፤ እዚያው ሳይወለድ አይቀርም። እኔ ራሴ እትብቱን ያሸግኩለት ሰው "ያለቀለት ነው" ብሎኝ እንዳይሆን!

ስንጥቁ መቼ ጀመረ ላልሽው፣ እኔ ስቀጠር አገኘሁት። ከእኔ በፊት የነበሩትም እንደዚያው ሲቀጠሩ እንዳገኙት ያወሩ ነበር። በየዓመቱ ረጂዎቹ ሊጎበኙን ይመጣሉ። እነሱ ሊመጡ ሲሉ ግንበኛ ይጠራና ስንጥቁን በሲሚንቶ ደፍኖ ቀለም ይቀባዋል፤ ግድግዳው እንደ ሙሽራ ይኳኳላል። እንግዶቹም "እንዴት ያምራል!" ብለውን ይሄዳሉ። ክረምት ሲገባ ያው ስንጥቅ ብቅ ይላል። እኛም "እንግዳው ሄደ፣ ባለቤቱ ተመለሰ" እያልን እንስቅ ነበር። ገመናውን የማይሸፍን ማን አለ?

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅሽ። በሩ ላይ ያለውን ደወል አይተሽዋል? ገመዱ ለምን መሬት ድረስ እንደሚወርድ ማንንም ጠይቀሻል? አልጠየቅሽም። ስንጥቅ ስትለኪ!

ቤቱን ያሠራችው ጨርቅ ነጋዴ ነበረች። በአንድ ወረርሽኝ ልጆቿን ተራ በተራ ቀበረች። የመጨረሻዋን አዝላ ወደ አንድ ሐኪም ደጅ ሮጠች፤ ደጁ ደረጃ ነበረው፤ ደረጃው ላይ ወደቀች። ደወሉ ከላይ ነው፤ ብትንጠራራ አልደረሰችበትም። ሰው ወጥቶ ሳያያት ልጅቷ ጀርባዋ ላይ አለፈች። ከዚያ ወዲያ ሱቋን ሸጠችና የሴቶቹንና የሕፃናቱን ክፍል አሠራች። ገንዘቡ አለቀ፣ ሥራው ቆመ። ከዓመታት በኋላ መኖሪያ ቤቷን ሸጠችና የወንዶቹን ክፍል ጨመረች። ራሷ በሩ አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍል ኖራ እዚያው ሞተች ይባላል። ስሟን በሩ ላይ እንዳይጽፉ ከልክላ ነበር። "ደወሉ ይበቃል" ብላ።

ገመዱ መሬት የሚነካው ተሳቦ የመጣም ሰው እንዲደውል ነው። እኔ በዚህ ዓይኔ፣ እጁም እግሩም አልታዘዝ ያለው ሰውዬ ገመዱን በጥርሱ ነክሶ ሲደውል አይቻለሁ። በሩ ተከፈተለት። ድኖም ሄደ፤ ሲሄድ ደግሞ ሰድቦኝ ነው የሄደ፣ ፋሻ ታጠብቃለህ ብሎ።

አንድ ነገር አድርጊልኝ። ባዶ አልጋ ፈልገሽ ጋደም በይ። ሆስፒታልን የቆመ ሰው አያውቀውም። ተኝተሽ ያየሽውን ጻፊልኝ። እህቴንም ጎኗን ምን እንደሚወጋት በደንብ ጠይቂልኝ፤ "አልፎ አልፎ" የምትላትን ቃል እኔ አውቃታለሁ። አብረን ነው ያደግነው፤ እግሯ ተሰብሮም "አልፎ አልፎ ያመኛል" ትል ነበር።

ጋሼሽ


ሚያዝያ 27

ለተከበሩት ለጋሼ፤

ሰላምና ጤና ከቤትዎ አይጥፋ። ያዘዙኝን ፈጸምኩ። ሰው እንዳይስቅብኝ ሄልሜቴን ደረቴ ላይ አድርጌ ተጋደምኩ። ዋና ነርሷ አይተውኝ "ምነው የኔ ልጅ፣ ፀሐይ መታሽ?" አሉኝ። የላከኝን ሰው ስነግራቸው ሳቃቸው መጣ። "እሱ ከሆነ ተኚ" አሉኝ።

ጋሼ፣ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ቆሜ ሳያቸው መስኮቶቹ ዝቅ ያሉ መስለውኝ "የትኛው ሰነፍ ነው እንዲህ የሠራቸው?" ብዬ ነበር። ስተኛ ነው የገባኝ። የመስኮቱ ደፍ ከትራሱ እኩል ነው። ግቢው፣ ትልቁ ዛፍ፣ በሩ፣ ሰማዩ፣ ሁሉም ቀና ሳይሉ ይታያሉ። አልጋ ሁሉ የራሱ መስኮት አለው፤ አንድ እንኳ ፊቱን ወደ ግድግዳ የሰጠ በሽተኛ የለም። ከዚያ ሽቅብ አየሁ። ጣራው ሩቅ ነው፣ በጣም ሩቅ። ከጣራው ሥር ትንንሽ መስኮቶች ትይዩ ሆነው ተከፍተዋል፤ የሰውን ትኩሳትና ሽታ ወደ ላይ ስበው ያስወጡታል። ያን ሁሉ ቁስለኛ የያዘ ክፍል አይሸትም! እኔ ይህን በትምህርት ቤት በሥዕል ነው የማውቀው፤ በፊቴ ላይ ሲነፍስ ግን አላውቀውም ነበር።

ከተነሳሁ በኋላ እንደ ሕፃን ስሯሯጥ ዋልኩ። ቤቱ ደረጃ የለውም! ከበሩ ጀምሮ እስከ ላይኛው ፎቅ ቀስ ብሎ የሚወጣ ዳገት ነው፤ ቃሬዛ ሳይዘነበል ይሄድበታል። የነገሩኝ ታሪክ ትዝ አለኝና ዳገቱ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ደረጃ ላይ የወደቀች ሴት ናት ደረጃውን ያስቀረችው። ወለሉና ግድግዳው የሚገናኙበት ጥግ ሁሉ ደግሞ ክብ ነው፤ ቆሻሻ የሚደበቅበት ማዕዘን የለም። ጽዳት ሠራተኛዋ "ይሄ ቤት መጥረጊያዬን አያስቸግራትም" አለችኝ።

ብሎንን ያውቁታል? የጥገና ሠራተኛውን፣ ኪሱ ውስጥ ሁልጊዜ ብሎን የሚንኳኳውን። እሱ የግቢውን የብረት ክዳን አንስቶ በባትሪ አሳየኝ። የጣራው ዝናብ በረንዳውን በተሸከሙት ዓምዶች ውስጥ ወርዶ ከግቢው ሥር ይጠራቀማል። ውኃው ውስጥ ዓምዶች ቆመዋል፤ ዓምዶቹን ቅስቶች ያገናኟቸዋል፤ እያንዳንዱ ድንጋይ ተጠርቧል። ጋሼ፣ ማንም ለማያየው ቦታ! ሁለታችንም ሳናስበው በሹክሹክታ ማውራት ጀመርን። "ለምንድን ነው እንዲህ ያሳመሩት?" አልኩት። "ውኃውን የሚጠጡት በሽተኞች አይደሉ?" አለኝ፣ የማይጠየቅ ነገር እንደጠየቅኩት ሁሉ።

አሁን ወደ ክፉው ወሬ ልምጣ። ስንጥቁ ላይ ቀጭን መስታወት በጄሶ ለጥፌ ነበር። ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ መስታወቱ ይሰበራል፤ የሙያችን ዘዴ ነው። ከትናንት በስቲያው ዝናብ በኋላ ሄጄ አየሁት። ተሰብሯል።

እናቴን ጠየቅኳት። "አልፎ አልፎ" ሳይሆን በየቀኑ ኖሯል። ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት፤ የሐሞት ጠጠር ነው፣ ኦፕሬሽን ያስፈልጋል አሉ። የት እንደምትታከም ገና ሳንጠይቃት "የተወለድኩበት ሆስፒታል ነው እንጂ ሌላ ቦታ ንቅንቅ አልልም" አለች። አልጋ የሚደርሳት በክረምቱ መካከል ነው። ምን ብዬ ልንገራት? ቤቱን ወድጄዋለሁ፣ ቤቱ ግን እየተንቀሳቀሰ ነው።

የእህትዎ ልጅ


ግንቦት 15

ለሚጢጢ፤

ፈጣሪ ይጠብቃችሁ። ዛሬ ምርቃቱ አጭር ነው፤ ልቤ አልረጋም።

ስለ ውኃው ማጠራቀሚያ የጻፍሽውን ገጽ ለልጄ አነበብኩለት። ሁለቴ አስደገመኝ። እኔ ያን ሁሉ ዘመን ክዳኑን ረግጬ ሳልፍ ኖሬ ከሥሩ ያለውን አላየሁም! አንቺ አየሽልኝ።

ግን ስሚኝ። መስታወቱ ከተሰበረ እህቴ እዚያ አትገባም። ገንዘብ እልካለሁ፤ የግል ሆስፒታል ውሰጃት። እምቢ ካለችሽ እኔ አዝዣለሁ በያት፤ በሦስት ወር እበልጣታለሁ።

ትናንት "ይቁም" ስል ነበር፣ ዛሬ ደግሞ እህቴን ከሥሩ ላውጣ እላለሁ። ለሰው ሲሆን ደፋር ነበርኩ፣ ለራሴ ሲሆን ፈሪ ሆንኩ። ታዝበሽኝ ይሆናል፤ ታዘቢኝ። እዚያ ተኝቶ ያለው ሁሉ የሰው እህት መሆኑን ዛሬ ገና እንዳወቅኩ ሆኜ ተሸማቀቅኩ።

ቶሎ ጻፊልኝ። የፖስታ ሳጥኑን ከመክፈቴ ብዛት ጎረቤቶቹ ፖስተኛ እየመሰልኳቸው ነው።

ጋሼሽ


ሰኔ 20

ለተከበሩት ለጋሼ፤

እንኳን ደህና ቆዩልኝ። መዘግየቴን አውቃለሁ። ደብዳቤዎን ጠረጴዛዬ ላይ አድርጌ ሳየው ከረምኩ፤ የምጽፈው ደህና ወሬ ስላልነበረኝ ዝም አልኩ። በመጨረሻ እናቴ "ሰውዬውን በጭንቀት ልትገድይው ነው? ክፉም ቢሆን ንገሪው!" ብላ ተቆጣች። የግል ሆስፒታሉን ነገር ነገርኳት። "ሦስት ወር በልጦኝ ነው የሚያዘኝ? እዚያው ያሉትን ይዘዝ" አለች። በቃ፣ አልሆነም።

አለቃዬም በበኩሉ "መስታወቱ ተሰብሮ የለ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?" እያለ አስጨነቀኝ። ልክ ነበር፤ መስታወቱ ተሰብሯል። ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ማንም ለማያየው ቅስት ድንጋይ የጠረበ ግንበኛ፣ ሰው የሚተኛበትን ግድግዳ እንዴት ዝም ብሎ ያበላሻል? እስቲ መሠረቱን ልየው ብዬ ብሎንንና ቆፋሪዎች ይዤ ከስንጥቁ ግርጌ በውጭ በኩል አስቆፈርኩ። የጠበቅኩት ለሁለት የተሰበረ መሠረት ነበር።

ጉድጓዱ ውስጥ ወርጄ በባትሪ አየሁ። ጋሼ፣ አንድ መሠረት አይደለም! ሁለት ነው። ጎን ለጎን ቆመዋል፣ አይነካኩም፤ በመካከላቸው ከላይ እስከ ታች እኩል የሆነ ክፍተት አለ። በክፍተቱ ውስጥ ያሉት የማዕዘን ድንጋዮች ደግሞ በዚህም በዚያም በኩል ተጠርበው፣ ለስልሰው፣ አልቀዋል። ግንብ ነገ ይቀጠላል ብሎ ያሰበ ግንበኛ ጫፉን አይጠርበውም፤ የሚመጣው ድንጋይ እንዲነክስለት ጥርስ ጥርስ አድርጎ ይተወዋል። እነዚህ ግን ጨርሰውታል። ሆን ብለው ነው!

"አልተሰነጠቀም! ድሮውንም አልተገናኘም!" ብዬ ስጮህ ብሎን እባብ የነደፈኝ መስሎት በብብቴ ይዞ ጎትቶ አወጣኝ።

ምክንያቱን ለማግኘት ብዙ አልተቸገርኩም። የሴቶቹ ክፍል የተቀመጠው አለት ላይ ነው። የወንዶቹ ግን ጥቁር አፈር ላይ ነው፤ ይህ አፈር ክረምት ሲገባ ያብጣል፣ በበጋ ይሟሽሻል። ስለዚህ የወንዶቹ ክፍል በየዓመቱ ጥቂት ከፍ ይላል፣ ጥቂት ዝቅ ይላል፣ ልክ እንደሚተነፍስ ሰው። ሁለቱን ቢያጋጥሟቸው አንዱ ሌላውን ይቀድደው ነበር። ጨርቅ ነጋዴዋ ቤቷን ሸጣ ሁለተኛውን ክፍል ስታሠራ ግንበኞቿ ይህን አውቀው ለየብቻ አቆሟቸው፤ መተንፈሻም ተዉላቸው።

እኛስ ምን አደረግን? እንግዳ በመጣ ቁጥር መተንፈሻውን ደፈንነው። በክረምት አፈሩ ሲያብጥ የወንዶቹ ክፍል ከፍ ብሎ ወደ ሴቶቹ ክፍል ጠጋ ሊል ይፈልጋል፤ ሲሚንቶው አላስጠጋ ይለዋል፤ ግፊያው በዙሪያው ያለውን ልስን ይሰነጥቀዋል። እኛ ደንግጠን እንደገና እንደፍናለን። መድኃኒቱ ሲሚንቶውን ፈልፍሎ ማውጣት ብቻ ነው። ለብሎን ስነግረው መሮውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። "አባቴ የደፈነውን? እኔ የደፈንኩትን?" አለ። "እንዲያው ዕድሜ ልኬን ይሄን ቤት ሳንቅ ኖርኩ በይኛ!" ከዚያ ማንንም ሳይጠብቅ መፈልፈል ጀመረ።

አለቃዬ ዘገባዬን ሰማ። "ግሩም ነው። ብትሳሳቺስ?" አለኝ። ሌላ አልጨመረም፤ መጨመርም አያስፈልገውም። ቦርዱ ዝናቡ ሳይጠና ፈርሚ ብሏል፤ ካልፈረምኩ ክፍሎቹ ለክረምቱ ባዶ ይደረጋሉ። አንዴ ከወጡ ደግሞ ማንም መልሶ አያስገባቸውም፤ ይህን ቦርዱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ከፈረምኩ እናቴ በዚህ ክረምት እዚያ ትተኛለች።

እስከ ዛሬ አልፈረምኩም። ብዕሩን አነሳለሁ፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ አስቀምጠዋለሁ። ቀመሩን መላልሼ ሠርቼዋለሁ፤ ልክ ነው። እጄ ግን ቀመር አይገባውም።

የእህትዎ ልጅ


ሐምሌ 4

ለእህቴ ልጅ፤

ልብ ይስጥሽ፣ ጉልበት ይስጥሽ፣ እንቅልፍም ይስጥሽ።

ደብዳቤሽን ሳነብ ብቻዬን እየጮህኩ ነበር። የልጄ ሚስት ወደ ሳሎን መጣችና "ኳስ ገባ እንዴ?" አለችኝ። "አልተገናኘም!" አልኳት። ምስኪን፣ ሐኪም ልትጠራልኝ ነበር።

እንዴት አላሰብኩትም? እኔ እኮ በዚያ ቤት ውስጥ የኖርኩት በአንድ ሕግ ነው። ጥልቅ ቁስል ከላይ ቶሎ ከተዘጋ ከውስጥ ያመረቅዛል። ዘመድ ሁሉ "ዝጋለት፣ ስፋው፣ ያስቀይማል" ይለኛል፤ እኔ ግን ክፍት እተወዋለሁ፣ ከሥር ወደ ላይ እስኪሞላ። ስንት ሰው ሰድቦኛል በዚህ! በአንድ ክፍል የሰው ቁስል ክፍት ትተን እናድናለን፣ እዚያው ክፍል የቤቱን ደፍነን እናሳምማለን። ሳቅም እንባም መጣብኝ።

አሁን ወደ ፊርማው። ባለፈው ደብዳቤ እህቴን አውጪልኝ ብዬሻለሁ፤ ከዚያ በፊት ቤቱን አድኚልኝ ብዬሻለሁ። ሁለቱንም ተይው። ለእኔ ብለሽ አትፈርሚ። ለነጋዴዋም ብለሽ አትፈርሚ፤ እሷ የራሷን ጨርሳ አርፋለች። ቤቱ ስላማረሽም አትፈርሚ። ያየሽው እውነት ከሆነ ፈርሚ፤ ከተጠራጠርሽ ተይው፣ እኔ እስከ ዕለተ ሞቴ አልቀየምሽም። እጅሽ ስለሚንቀጠቀጥ ግን አትፍሪ። የመጀመሪያዋን ቁስል ስከፍት የእኔም እጅ ተንቀጥቅጧል። መንቀጥቀጥ ያለበት እጅ ሲንቀጠቀጥ ጥሩ ነው፤ የማይንቀጠቀጠውን ነው እኔ የምሸሸው።

ልጄ ለጆሮዬ እዚህ አገር ሆስፒታል ወስዶኝ ነበር። ዕቃው ሁሉ ያበራል፤ ሰዎቹም ጨዋ ናቸው። ተጋድሜ መስኮቱን ፈለግኩ፤ ከራሴ በላይ ነው፣ አይከፈትምም። እናንተ ዘንድ ያለውን አሰብኩና ኮራሁ። ድሃ ሆነን እንዲህ ያለ ቤት ነበረን ለካ።

ለእህቴ የምለው ቃል አጣሁ። እንዲሁ ሰላም በያት።

ጋሼሽ


ነሐሴ 14

ለተከበሩት ለጋሼ፤

ሰላም ለእርስዎ፣ ሰላም ለልጅዎ፣ ሰላም ታግሰው አብረውዎት ለሚኖሩት ለልጅዎ ሚስት።

ፈረምኩ። ደብዳቤዎ በደረሰኝ በነጋታው፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ፈረምኩ። ፊርማዬ የእኔ አይመስልም፤ አለቃዬ "ይሄ ምንድን ነው፣ ዶሮ ጭራበት ነው?" አለ። ግን ማኅተሙን አደረገበት።

ሲሚንቶው ተፈልፍሎ በጋሪ ወጣ። ክፍተቱን በሸራ ሸፈንነው፤ ሸራው በአንድ ወገን ብቻ ነው በምስማር የተመታው፣ ሌላው ወገን እንደልቡ እንዲሆን። ከዚያ ዝናቡ መጣ፤ ምን ዓይነት ዝናብ! ክፍተቱ ቀስ በቀስ ጠበበ፣ እኔ ያሰብኩት ድረስ ጠበበና ቆመ። በሁለቱም ግድግዳዎች ላይ ለየብቻ አዲስ መስታወቶች ለጥፌ ነበር፤ አንዱም አልተሰበረ። ብሎን በየጠዋቱ ጣቱን ክፍተቱ ውስጥ ይከትና "ዛሬም አልነከሰኝም" ይለኛል።

ያላሰብኩት ነገር በሽተኞቹን ነው። ለካ እነሱ የሚያዩት ሌላ ነው። ለእኔ መድኃኒት ነው፤ ለእነሱ ግን ትናንት የተደፈነው ስንጥቅ ዛሬ ጭራሽ አፉን ከፍቷል። በሴቶቹ ክፍል ከስንጥቁ ሥር ያለው አልጋ ላይ የሚተኛ ጠፋ። የጎኖቹም ባዶ ሆኑ። ሴቶቹ ፍራሻቸውን ጎትተው ኮሪደር ላይ መተኛት ጀመሩ። ዋና ነርሷ ጠሩኝና "የኔ ልጅ፣ ቦርዱ አምኖሻል። በሽተኛ ግን ማኅተም አያይም። እንዲህ ከቀጠለ ክፍሉን ራሳቸው ይዘጉታል" አሉኝ።

እናቴ የገባችው በዚያው ሳምንት ነው። በዳገቱ ላይ በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋኋት ስናልፍ ኮሪደሩ ላይ የተኙትን አየች። "እነዚህ ለምን መሬት ላይ ናቸው? አልጋ ሞልቶ ነው?" አለች። ወንበሩን መግፋቴን ቀጠልኩ። አንዲቱ ሴትዮ "ሞልቶ አይደለም እናቴ፤ ያ ግድግዳ ሊወድቅ ነው ብለን ነው" አለቻት። እናቴ ዞር ብላ አየችኝ። በዚያ ዓይኗ! ያውቁት የለ?

"የትኛው ነው አልጋው?" አለች።

"እማዬ፣ ወዲያ ማዶ ጥሩ አልጋ ይዤልሻለሁ።"

"የትኛው ነው አልኩ?"

አሳየኋት። ከወንበሩ ተነስታ፣ ጎኗን ይዛ፣ በእግሯ ሄደችና ሸራው ሥር ተቀመጠች። ጫማዋን አወለቀች። ከዚያ ክፍሉ ሁሉ እንዲሰማት ድምጿን ከፍ አድርጋ "ልጄ ፈርማበት የለም እንዴ!" አለች።

ቀመሬ ልክ መሆኑን አውቃለሁ። ግን እናትን ከሥሩ አስተኝቶ ማወቅ ሌላ ነው፣ ጋሼ። ያኔ ለእኔ የጻፉልኝን፣ ለሰው ሲሆን ደፋር፣ ለራሴ ሲሆን ፈሪ ያሉትን፣ በሥጋዬ አወቅኩት።

ኦፕሬሽኑ በሰላም አለቀ። በነጋታው ከሰዓት በኋላ፣ እሷ በማስታገሻው እንደተኛች፣ ሰማዩ ተቀደደ። በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ጣራውን ሲደበድበው ወሬ ሁሉ ቆመ። ኮሪደር ላይ ያሉት በሩ ላይ ተሰብስበው ግድግዳውን ያያሉ። እኔ የአልጋውን ብረት ይዤ ቆምኩ። ሸራው በነፋሱ እብጥ አለ፣ መልሶ ተኛ። ግድግዳው ግን ግድግዳ ነው፤ ዝም ብሎ ቆሟል። በዓምዶቹ ውስጥ ውኃው ወደ ታች ሲወርድ ይሰማል። ያን ያህል ዘመን ይህን ዝናብ ሲቀበል የኖረ ቤት፣ የእኔን ፍርሃት ከቁም ነገርም አልቆጠረው። ትንሽነቴ ተሰማኝ፤ ደስ የሚል ትንሽነት።

ዝናቡ አባራ። መጀመሪያ ግድግዳው ሊወድቅ ነው ያለችው ሴትዮ ፍራሿን ጠቅልላ መጣችና ከእናቴ ቀጥሎ ያለው አልጋ ላይ ዘረጋችው። "ምን ታያላችሁ?" አለች በሩ ላይ ያሉትን፣ "እናቷን አስተኝታለች እኮ!" ከዚያ ሌላዋ መጣች። ከዚያ ሌላዋ። ዋና ነርሷ አንሶላ ማደል ያዙ፤ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ነበር፣ እንባቸው እንዳይታይ መሰለኝ።

እናቴ በሁካታው ነቃች። ግድግዳውን አላየችም፤ ሽቅብ ነው ያየችው፣ ብዙ ጊዜ። እንቅልፍ ባልለቀቀው ድምፅ "ማን ይመጣል ብለው ነው ጣራውን እንዲህ ያራቁት?" አለችኝ።

"አንቺ" አልኳት።

የእህትዎ ልጅ